ኮርቻውን ማን ሠራው?

ይድረስ፦ በእንጅባራና በዳንግላ በዓል ለምታዘጋጁ፣ የባህልና የቲያትር ቡድን ለምትመሩ፣ ለመድረክ በሚወጣ በጀት ላይ ለምትፈርሙ ሁሉ



ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚታየውን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን በሚያስብበት በዚያ ቀን፣ ሜዳውን የሚያስጌጠው የጋላቢው ጉልበት ብቻ አይደለም። ባለ ጥልፍ ግላስ፣ ቆዳ የለበሰ ኮርቻ፣ ልጓምና እርካብ አብረው ይወጣሉ። አንድ ፈረስ ሜዳ ከመግባቱ በፊት አናጢው፣ ቆዳ ፋቂው፣ ቀጥቃጩና ሰፊው ሁሉ እጃቸውን አሳርፈውበታል። የአዊ ሕዝብ ለዓይን የሚቀርብ ነገር እንዴት እንደሚሸለም ማንም አላስተማረውም፤ ድሮም ያውቅበታል።

ይህ እውቀት ከሜዳው ወደ መድረኩ ሲሻገር ለምን ይጠፋል? ደብዳቤዬ በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

በየበዓሉ የምናየው መድረክ አንድ ዓይነት ነው። ከኋላ ባነር ይሰቀላል፤ ባነሩ ላይ የስፖንሰር አርማና የዘንገና ሐይቅ ፎቶ ይታተማል። ከፊት ወጣቶቹ ከሱቅ በጅምላ የተገዛ የሚያብለጨልጭ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ። ትርኢቱ ስለ ዓድዋ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ላንቃ ይደርባል፣ ጎፈር ያጠልቃል። ላንቃና ጎፈር ግን የማዕረግና የጀግንነት ምልክት ነበሩ። ሞፈርና ቀንበሩን ሰቅሎ የዘመተው ገበሬ በአብዛኛው የሄደው እቤቱ በለበሰው ልብስ ነው። እሱን ራስና ደጃዝማች አስመስለን ስናለብሰው ያከበርነው ይመስለናል፤ ነገር ግን ከራሱ ታሪክ አስወጣነው። ተመልካች ገና ቃል ሳይሰማ ልብሱን ያነባልና፣ ልብሱ ከዋሸ የተዋናዩ ልፋት ከንቱ ይሆናል።

የአልባሳትና የዲኮር ሥራ ትርፍ ጌጥ የሚመስለው ካለ፣ አንድ የልምምድ ቀን ከሠራተኞቹ ጋር ይዋል። አዲስ ነጭ ጋቢ በጠንካራ መብራት ሥር ያንጸባርቅና የተዋናዩን ፊት ይውጠዋል። ልብስ አዘጋጁ በፈላ ሻይ ውሃ ይነክረዋል፤ ነጭነቱ ይለዝባል፣ ፊት ይወጣል። የገበሬው ኮት አዲስ ከሆነ ክርኑና ኮሌታው በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፈጋል፣ ኪሱ ውስጥ ድንጋይ ተከቶ እንዲረግብ ይሰቀላል።

ዲኮሩም እንዲሁ ነው። ባንጃ ወረዳ ቀርከሃ ሞልቷል፤ እንጅባራ መንገድ ዳር ወንበርና መደርደሪያ ሆኖ ይሸጣል። ያው ቀርከሃ ተሰንጥቆ በገመድ ሲታሰር የግድግዳ ፍሬም ይሆናል። ያልታጠበ አቡጀዲ ላላ ተደርጎ ይለበጥበታል፤ በውሃ የቀጠነ ኮላ ሲቀባ ጨርቁ እየደረቀ ይኮማተርና እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። ከዚያ ጭቃ ቤት፣ ቤተ መንግሥት ወይም ጫካ ይሳልበታል። አንድ ሰው ብቻውን የሚሸከመው ግድግዳ ነው፤ ከዳንግላ እንጅባራ በአይሱዙ ተጭኖ ደርሶ በዚያው ቀን ይተከላል። ባነሩ ለአንድ በዓል ነው፤ ይህ ግን እየተቀባ ለዓመታት ያገለግላል።

የአገራችን ዘመናዊ ቲያትር ሲጀመርም ያለ እነዚህ እጆች አልተጀመረም። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያ ተውኔት ገጸ ባሕርያቱ እንስሳት ነበሩ፤ ሰውን አውሬ አድርጎ ማቅረብ የቃል ብቻ ሥራ አይደለም። የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. በሩን ሲከፍት የታየው የቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» የንጉሥ ቤት ታሪክ ነው፤ የንጉሥ ቤትና የንጉሥ ልብስ ሳይሠራለት አይቆምም። የደራሲዎቹን ስም ሁላችንም እናውቃለን። የልብስ ሰፊዎቹን ስም የሚያውቅ ግን ስንት ነው?

ነገሩ የሕሊና ጉዳይ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። አያቶቻችን ሸማኔውን፣ ፋቂውንና ቀጥቃጩን በስድብ ይጠሩ ነበር፤ ሥራውን እየተጠቀሙ ሠሪውን ቡዳ ይሉት ነበር። ዛሬ ያን አፍ አውጥቶ የሚናገር ጥቂት ነው። ስሙን ግን ከፕሮግራሙ እንተወዋለን፤ ዋጋውን «ከተረፈ» እንለዋለን። የድሮው ንቀት መልኩን ለውጦ በቢሮ አሠራራችን ውስጥ ተቀምጧል።

አሠራሩንም እናውቀዋለን። ግዥ ሲባል ሦስት ፕሮፎርማ ይጠየቃል፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርና ደረሰኝ ይጠየቃል። ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ የሚሸምን ሰው ይህን ከየት ያመጣል? ስለዚህ ገንዘቡ ደረሰኝ ወዳለው ማተሚያ ቤትና ሱቅ ይሄዳል። የፈረመው ሰው ሕግ አልጣሰም፤ የአገሩ ሸማኔ ግን በአገሩ በዓል ሥራ አጣ። የባህል በጀት ባህሉን ከሚሠራው ሰው እጅ ካልደረሰ የማን ባህል ነው የምናከብረው? ባለቤቱ ያቀለላትን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበላትም።

የምጠይቃችሁ ከአቅም በላይ አይደለም። አልባሳትና ዲኮር የራሳቸው የበጀት ርእስ ይኑራቸው፤ ገንዘቡም ተውኔቱ ሲመረጥ ይወሰን እንጂ በዓሉ ሳምንት ሲቀረው አይፈለግ። ሸማኔዎች፣ ቆዳ ሠሪዎችና የቀርከሃ ሠራተኞች በማኅበር ተደራጅተው ደረሰኝ እንዲቆርጡ አግዟቸው፤ እስከዚያው ድረስ በእጅ ሥራ ውል የሚከፈልበትን አሠራር ፋይናንሶቻችሁ ይፈልጉ። ከትርኢት በኋላ ልብሱ በማዳበሪያ ጆንያ ታስሮ ለአይጥ አይተው፤ ታጥቦ፣ ተሰቅሎ፣ ማን እንደሠራውና ለየትኛው ገጸ ባሕርይ እንደሆነ ተጽፎ ይቀመጥ። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ መምህራንም የኮርቻ፣ የግላስና የልብስ አሠራሩን ከአዛውንቶቹ አፍ እየተቀበላችሁ በልክና በሥዕል መዝግቡልን። አንድ አዛውንት ሲያልፍ አብሮት የሚቀበረውን ጥበብ በኋላ በጥናት አንመልሰውም።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይፈልጋል ካላችሁ ገንዘብም ስብሰባም በማይጠይቀው ጀምሩ። በሚመጣው ጥር 23 የክብር እንግዶች ስም ሲነበብ የኮርቻ ሠሪዎቹም ስም ይነበብ። ቀጥሎ በምታቀርቡት ተውኔት ፕሮግራም ላይ ከደራሲውና ከአዘጋጁ ሥር ልብሱን የሰፋውና ዲኮሩን የሠራው ሰው ስም ይታተም። ይህን እምቢ የምትሉበት ምክንያት ካላችሁ በአደባባይ ንገሩን፤ እንመካከርበታለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመድረክ ሥራ ወዳጅ