ሳይጓዝ የታተመበት ቴምብር



የተወደዳችሁ እኅቶቼ፣ ዛሬ ስለ ቴምብር ጥቂት ላጫውታችሁ። ፖስታ ቤት በቴምብር ላይ ማኅተም የሚመታው ሥራውን ስለ ሠራ ዳግመኛ እንዳያገለግል ነው። ነገር ግን አንድም ደብዳቤ ሳይሸከም የሚታተምበት ቴምብር አለ። ከእናንተ ብዙዎቹ በሚኖሩበት አገር፣ ኤምሬቶቹ በ1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሳይተባበሩ በፊት፣ አጅማንና ፉጀይራን የመሳሰሉ ትንንሽ ኤምሬቶች ከውጭ ነጋዴዎች ጋር ተዋውለው ለሰብሳቢዎች የሚሸጥ ቴምብር በብዛት አሳተሙ። የጠፈር ጉዞው፣ የኦሎምፒክ ጨዋታው፣ የአውሮፓው ሥዕል ሁሉ ነበረበት። ከዚህም ብዙው ማኅተም ተመትቶበት በቀጥታ ወደ ሰብሳቢ አልበም ገባ።

ዐዋቂዎች በምን ይለዩታል? በጀርባው ነው። ፊቱ ላይ ማኅተሙ አምሮ ይታያል፤ ሲገለብጡት ግን ሙጫው እንዳለ ነው፤ አልረጠበም፣ ከፖስታ ላይም አልተለጠፈም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በእውነት ደብዳቤ ካደረሰው ይልቅ በርካሽ ይሸጣል።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲት እኅታችን «ለደንቡ ያህል ነው» ተብላ፣ የስድስት ወር ደመወዝ ተቀብያለሁ በሚል ወረቀት ላይ ፈረመች። ገንዘቡ ግን እጇ አልገባም ነበር። በኋላ ስትጠይቅ ፊርማዋን አሳይተው ዝም አሰኟት። ጀርባውን ገልብጦ የሚያይላት አልተገኘም።

እኅቶቼ፣ ፊርማ ማኅተም ነው። ገንዘቡን ሳትቆጥሩ፣ ጽሑፉንም የሚያውቅ ሰው ሳያነብላችሁ አትፈርሙ። የተቀበላችሁትን በየወሩ ከነቀኑ በማስታወሻ ያዙ። ተገድዳችሁ የፈረማችሁም ካላችሁ፣ ኀፍረቱ የእናንተ አይደለምና ለምታምኑት ሰው ቶሎ ንገሩ።

የነፍሳችንም ነገር እንዲሁ ነው። በሰማንያ ቀናችሁ ተጠምቃችሁ በቅዱስ ሜሮን ታትማችኋል። ይህ ማኅተም ግን ለመንገድ የተሰጠ ስንቅ እንጂ ለአልበም ጌጥ አይደለም። ማዕተብ በአንገታችን ታስሮ፣ ጸሎትና ይቅርታ ከልባችን ከጠፋ፣ እኛም ሳንጓዝ የታተምን መሆናችን ነው።

በረኪና ያቆሰለውን እጃችሁን አይታችሁ ግን አትዘኑ። ደብዳቤ ያደረሰ ቴምብርም ይቆሽሻል፣ ጠርዙም ይቀደዳል፤ የተላከበትን ግን አድርሷል። በእናንተ ድካም ስንት ወንድም ተማረ! ስንት እናት ታከመች! ይህን የሰው ወረቀት ባይመሰክረው እግዚአብሔር ያውቀዋል።

የድካማችሁን ዋጋ አያስቀርባችሁ፤ ለአገራችሁ በሰላም ያብቃችሁ።