አየሩ ይስማማታል?

«እማዬን ደራ ልናወርዳት ነው፤ አየሩ ይስማማታል።» እኔ ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ እዚያችው ደራ ተቀምጬ ይህቺን አባባል በሰማሁ ቁጥር «የሚስማማው ለእሷ ነው ወይስ ለእናንተ?» ማለት ይቃጣኛል።

ነገሩ ከመሬት ተነስቶ የተወራ አይደለም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት። ደራና አዳማ ከእሷ ከ600 እስከ 700 ሜትር ዝቅ ይላሉ። በዚህ ልዩነት ብቻ ሙቀቱ 4 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም 8 በመቶ ያህል ይበልጣል። ሳንባው ለደከመ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሐኪም «ዝቅ ወዳለ ቦታ ሂድ» ካለ ይኬዳል። ከሐኪም ጋር ጠብ የለኝም።

ጠቤ የሐኪሙን አፍ ተውሰው ከሚናገሩት ጋር ነው። የአዲስ አበባው ቤት ሊከራይ ሲታሰብ፣ ወይም አማትና ምራት አልስማማ ሲሉ፣ የእናት ጉልበት ድንገት ብርድ የማይችል ይሆናል!

እሺ፣ አየሩን እንመርምር ከተባለ ሙሉውን እንመርምር። አዲስ አበባ የማታውቃት ወባ እዚህ አለች። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ በብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከመጠን ያለፈ ነው፤ ጥርስ ያበላሻል፣ ዘመኑ ሲረዝም አጥንት ይጎዳል። የወንጂ ስኳር ነባር ሠራተኞች ይህን በገዛ አካላቸው አይተውታል። ሙቀትም ቢሆን ልክ አለው። በነሐሴ 1995 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003) ፈረንሳይ ውስጥ ሙቀት 15 ሺህ ያህል ሰው ፈጀ። አብዛኞቹ አዛውንቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ብቻቸውን የሚኖሩ። ታዲያ የገደላቸው ሙቀቱ ብቻ ነው? «ውሃ ጠጡ» የሚል ሰው ማጣትም ነው እንጂ!

የእኛዋ እናትስ? ሠላሳ ዓመት የከፈለችበት እድር ድንኳኑን ተሸክሞ ደራ አይወርድም። የቡና ጎረቤቶቿ፣ ማኅበሯ፣ ነፍስ አባቷ እዚያው ይቀራሉ። እዚህ የሚጠብቃት የቤት ሠራተኛና ቴሌቪዥን ነው። የደራ ሰው እንግዳ መቀበል ያውቅበታል፤ አላማውም። ግን ጉርብትና በዓመታት የሚበስል ነገር ነው። ሰባ አምስት ዓመት የሞላው ሰው ያን ሁሉ ጊዜ ከየት ያመጣል?

ስለዚህ ልጆች፣ መጀመሪያ ሐኪሙን ጠይቁ፤ ቀጥሎ እናታችሁን። ብርዱ ሲጠና ሁለት ወር ወርዳ ትሞክረው። እስከዚያ ቤቷ አይከራይ፤ የእድር መዋጮዋም አይቋረጥ። ወዳው «ልውረድ» ካለች፣ እቃዋን ለማውረድ እኔም አለሁ። ካላለች ግን የራሳችሁን ጉዳይ በአየር አታሳብቡ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሎ መጠየቅ እንደሆነ ደጋም ቆላም አይመርጥም።