ዛጎል ይዞ ለሚመጣው ልጅ

ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው በቅድሚያ ጥቁር ድንጋይ ያገኛል፤ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ትፋት ነው። ከሥሩ የአሸዋ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ደግሞ የባሕር ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ ይመጣል።

እንግዲህ ነገ አንድ ተማሪ ዛጎሉን ይዞ «መምህር፣ ይሄ ከየት መጣ?» ቢለን ምን ልንለው ነው? እቤቱ የሰማው የኖኅን ውኃ ነው። አንሳቅበት፤ ውኃ እንደነበረ አላጣውም። ባሕሩ ግን ከ150 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው። በላዩ የተነጠፈው አሸዋ መሸሹን ይመሰክራል። ዛሬ ዛጎሉ ከባሕር ጠለል ከ1,000 ሜትር በላይ የሚገኘው ባሕር ያን ያህል ስለ ወረደ አይደለም፤ ምድሩ ስለ ተነሣ ነው። የተነሣውን ምድር ዓባይ ቆርሶ አሳየን።

እኛ ግን ስለ ተራራ አፈጣጠር ስንጠየቅ አልፕስንና ሂማልያን እንደ ዳዊት እንደግማለን! በ1860 ዓ.ም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ መቅደላ የዘመተው ብላንፎርድ እንኳ የትግራዩን ድንጋይ ልብ ብሎ አይቶ «የአንታሎ የኖራ ድንጋይ» አለው፤ ስሙ ዛሬም ይሠራበታል። መንገደኛው ነው እንግዲህ ይህን ያደረገው።

ለማስተማር ልምምድ ከመውጣታችን በፊት መዶሻና ስንቅ ይዘን አንድ ቀን ወደ ሸለቆው እንውረድ። ያመጣነውንም ድንጋይ በተራው፣ የታችኛውን ከታች አድርገን፣ ከጥቁር ሰሌዳው አጠገብ እንደርድረው።