የአጋጣሚ አምልኮ በፊልም ጥበብ

በዚህ ዘመን ወደ ፊልም ከተመለሱት ፎቶግራፍ አንሺዎች መካከል ብዙዎቹ፥ ሁለት ወይም ሦስት ኔጋቲቮችን እንዳገኙ አነባብረው በስካነር መስተዋት ላይ ካኖሩ በኋላ፥ መሣሪያው አንብቦ ያወጣላቸውን ድርብርብ ሥዕል ያለ አንዳች ምርመራ የጥበብ ሥራ ነው ብለው ያቀርባሉ፤ ስለ ትርጉሙ ሲጠየቁም አጋጣሚው ራሱ እንደ ሠራው ይናገራሉ። ይህ አነጋገር ትሕትና ይመስላል፤ ነገር ግን የጥበበኛውን ፈቃድና ኀላፊነት ለግዑዝ መሣሪያ አሳልፎ የሚሰጥ ስለ ሆነ ልንነቅፈው ይገባናል።

መደራረቡን ራሱን አልነቅፍም፤ ፎቶግራፍ በአንድ ቅጽበትና በአንድ ፊልም መወሰን አለበት የሚሉ ሰዎች የሙያውን ታሪክ ዘንግተዋልና። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1850ዎቹ፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፥ ባሕርን ሲያነሣ፥ ኮሎዲዮን የተባለው የዘመኑ የኔጋቲቭ ቅባት ለሰማያዊ ብርሃን ከልክ በላይ ፈጣን ስለ ነበረ፥ ለባሕሩ የሚበቃው ብርሃን ሰማዩን ባዶ ነጭ ያደርግበት ነበር፤ ስለዚህ በአንዳንድ ሥራዎቹ ሰማዩን ከአንድ፥ ባሕሩን ከሌላ ኔጋቲቭ ወስዶ በአንድ ወረቀት ላይ አዋሐዳቸው። ኦስካር ሬይላንደር በ1857 በማንቸስተር ያሳየውን «ሁለቱ የሕይወት መንገዶች» ከ30 በሚበልጡ ኔጋቲቮች፥ ሄንሪ ፒች ሮቢንሰንም በ1858 በሞት አፋፍ ላይ ያለችውን ወጣት ከ5 ኔጋቲቮች አቀናበሩ። እነዚህ ሰዎች ኔጋቲቮቹን በየተራ ያትሙ እንጂ እንደ ዛሬው አያነባብሯቸውም ነበር፤ ሆኖም እያንዳንዱ ኔጋቲቭ ስለ ምን እንደ ገባ ያውቁ ነበር፤ ክርክሬም በዚህ ላይ የቆመ ነው።

የኔጋቲቭ ጠባይ ራሱ ምርጫን ያስገድዳል። ብርሃን የበዛበት ስፍራ በፊልሙ ላይ ጥቁር፥ ጽልመት የነበረበት ደግሞ የጠራ ሆኖ ስለሚቀር፥ ሁለት ኔጋቲቮች ሲነባበሩ ጥቁረታቸው ይደመራል፤ በመጨረሻው ሥዕልም የአንዱ ጽልመት ለሌላው ማደሪያ ይሆናል። ከብሩህ ሰማይ ፊት ጥላ ብቻ ሆኖ የተነሣ ዛፍ ከሰው ፊት ጋር ቢጣመር፥ ፊቱ በዛፉ ቅርጽ ውስጥ ይገለጣል፥ ሰማዩም ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን የሚያውቅ ሰው ገና ሲያነሣ ለሁለተኛው ሥዕል ስፍራ ያዘጋጃል። ሁለት ጥቅጥቅ ያሉ ኔጋቲቮችን የደራረበ ግን ብርሃን የማያልፍበት ግድግዳ ሠርቷል፤ የቀለም ፊልም ከሆነም ብርቱካናማው መደብ በእጥፍ ይጨምርና ቀለሙ ይዛባል።

በጨለማ ክፍል እንዲህ ያለው ስሕተት ፈጥኖ ይጋለጥ ነበር፤ ወረቀቱ ከማጉያው ሥር ብዙ ጊዜ ይቆያል፥ ደጋግሞም ይባክናል። የዛሬው ስካነርና ፕሮግራሙ ግን ብርሃኑንና ቀለሙን በራሳቸው እያስተካከሉ ማናቸውንም ቱሳሔ ለዓይን የሚያምር ያስመስሉታል፤ ሠሪውም ያልደከመበትን ውበት የራሱ ተሰጥዎ አድርጎ ይቈጥረዋል።

አጋጣሚ ብዙ ጥበብ ወልዷል የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። ፎቶግራፍ አንሺዋ ሊ ሚለር እንደ ተረከችው፥ እርሷና የሙያ ባልደረባዋ ማን ሬይ በፓሪስ ጨለማ ክፍል ያገኙት የብርሃንና የጽልመት መገለባበጥ ሳይታሰብ በበራ መብራት የመጣ ነው፤ ነገር ግን በዚያ አልቆሙም፥ እየደጋገሙ ለፈቃዳቸው አስገዙት። በ1967 በኒውዮርክ የዘመናዊ ጥበብ ቤተ መዘክር ሥራዎቹን ያሳየው አሜሪካዊው ጄሪ ዩልስማንም ውሳኔው ከካሜራው በኋላ በጨለማ ክፍል እንደሚቀጥል አስተምሯል፤ እርሱ ግን በብዙ ማጉያዎች መካከል አንዱን ወረቀት እያዛወረ፥ የአንዱ ሥዕል ጠርዝ በሌላው ውስጥ የት እንደሚሰወር በእጁ ይወስን ነበር። አጋጣሚ የሚጠቅመው መርምሮ የሚቀበለውንና የሚጥለውን ለሚለይ ልቡና ነው።

ስለዚህ ኔጋቲቭ የሚደራርብ ሁሉ አስቀድሞ አንዱ ሥዕል ለሌላው ምን እንደሚጨምርለት ይጠይቅ፤ የስካነሩን አውቶማቲክ ማስተካከያ ዘግቶ፥ ጽልመቱና ብርሃኑ በርግጥ የት እንደ ወደቁ ይመልከት፤ ሁለቱ ሥዕሎች ተለያይተው ሲታዩ ከሚናገሩት የበለጠ ተጣምረው የማይናገሩ ከሆነም፥ ምንም ያህል ቢያምሩ፥ ለሕዝብ ሳያቀርብ ይለያቸው።