ያለ ኃጢአቱ የተከሰሰው ብርድ

በክረምት ሌሊት ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ሕፃን ልጅ ሳል ቀስቅሶት ሲያለቅስ በተሰማበት ቤት ሁሉ፣ እናቲቱ ገና መብራት ሳታበራ ከአንዱ ማዕዘን «ብርድ ነው» የሚል ድምፅ መውጣቱ አይቀርም። ይህን ቃል አያት ትናገረዋለች፤ ጎረቤት በነጋታው ታጸናዋለች፤ አባትም ነገሩን ከዚያ አርቆ ለመመርመር እንቅልፉ ስለማይፈቅድለት አሜን ብሎ ይቀበለዋል። ምስክር ሳይሰማ፣ ተከሳሹም ቃሉን ሳይሰጥ የሚቈረጥ እንዲህ ያለ ፍርድ ይግባኝ ሊባልበት የሚገባ ነበር፤ ዳሩ ግን ቅጣቱ የሚፈጸመው በብርዱ ላይ ሳይሆን በሕፃኑ ላይ ስለ ሆነ፣ ይግባኝ ባዩም ገና አፉን ስላልፈታ፣ ልማዱ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲሻገር ኖሯል።

ባለፈው ሐምሌ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ ዘመዴ ቤት አመሸሁና ዝናብ አስቀርቶኝ አደርሁ። የቤቱ ልጅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የሆነው፣ ቀን ሲሯሯጥ የዋለ፣ ሌሊት ግን ሳል የሚያፍነው ነው። አንዲቱ መስኮት በአሮጌ ጨርቅ ተወትፋለች፤ በበሩ ሥር ያለው ክፍተት በጆንያ ተደፍኗል፤ ማታ ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ «ቤቱን ያሙቅ» ተብሎ ከአልጋው ግርጌ ተቀምጧል፤ በፍሙም ላይ የተረፈው ዕጣን ተነስንሶበታል። ሕፃኑ ሦስት ሹራብ ደርቦ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫው በቅቤ ተለቅልቆ፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። «እማማ፣ መስኮቷን ጥቂት ገርበብ ብናደርጋትስ?» ብዬ የሕፃኑን አያት ብጠይቃቸው፣ «አንተ ልጅ፣ በዚህ ብርድ ልትገድልብኝ ነው?» አሉና ጋቢውን እስከ አፍንጫው ሳቡበት። ክፋት የለባቸውም፤ ለልጅ ልጃቸው ሌሊቱን ሙሉ ቁጭ ብለው የሚያድሩ ርኅሩኅ ሴት ናቸው፤ እኔን ያሳዘነኝም ያን የመሰለ ፍቅር በጢስ ታፍኖ ማደሩ ነው።

ብርድ ፍጹም ንጹሕ ነው ብዬ ልከራከርለት አልመጣሁም፤ አስም ላለበት ልጅ ቀዝቃዛ አየር ሳሉን እንደሚቀሰቅስበት የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ የአብዛኛው ሕፃን የሌሊት ሳል መነሻው ጉንፋን፣ የጉንፋኑም መነሻ በዐይን የማይታይ ቫይረስ ነው፤ እርሱም በትንፋሽና በእጅ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ነውና፣ አምስት ነፍስ በአንዲት ክፍል ዘግቶ ማሳደር ለቫይረሱ ድግስ መደገስ ነው። ሳሉ በሌሊት የሚበረታውም ልጁ ስለሚጋደም ነው፤ ቀን ቆሞ ሲሮጥ በአፍንጫው የሚወርደው ንፍጥ፣ ሌሊት በጀርባው ሲተኛ ወደ ጉሮሮው ይንቆረቆራል፤ ሳልም ያንን ይጠርግ ዘንድ ፈጣሪ በሰው ደረት ውስጥ ያኖረው መጥረጊያ ነው። ጢስ ግን ያንኑ የተቈጣ ጉሮሮ መልሶ ይፍቀዋል። ጢሱ ካለቀለት በኋላ «አሁንስ ጠራ» ብለን ወደ ውስጥ የምናስገባው ፍም እንኳ፣ ሽታም መልክም የሌለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ መትፋቱን አያቋርጥም፤ ማታ ተኝተው ጧት ያልተነሡ ሰዎች ወሬ ሲደርሰን «እግዜር ጠራቸው» እንላለን እንጂ ምድጃውን የሚከስ አናገኝም።

የዚህ መዝጋት ታላቅ እኅት ሕፃንን ከፀሐይ መሸሸግ ናት። ምች ይመታዋል፣ ዓይን ይበላዋል፣ ነፋስ ይገባዋል እየተባለ ወራቱን በጽልመት የሚገፋ ሕፃን፣ ቆዳው ከፀሐይ የሚሠራውን ቫይታሚን ዲ ስለሚያጣ አጥንቱ ይለሰልሳል፤ ሐኪሞች ሪኬትስ ይሉታል። የለሰለሰ የጎድን አጥንትም ሳንባን እንደሚገባ አይዘረጋውምና፣ ያው «ከብርድ የተጠበቀው» ልጅ ለሳንባ ምች ይሰጣል። በ1989 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣና በኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል የተደረገ ጥናት፣ በሳንባ ምች ከተኙት 500 ሕፃናት 210ሩ ሪኬትስ እንደ ነበረባቸው፣ የሳንባ ምች ካላገኛቸው ከሌሎች 500 ሕፃናት ግን 20 ብቻ እንደ ነበሩ አሳይቷል። ለእንግዳ የአሥራ ሦስት ወር ፀሐይ ባለቤት ነን እያልን ስናውጅ፣ ለገዛ ልጃችን የአንዲት ጧት ፀሐይ መንፈጋችን ምን ይባላል?

ሳሉ ሰንብቶ ብርዱ በጋቢ አልሸነፍ ሲል ደግሞ ሁለተኛ ተከሳሽ ይፈለጋል፤ «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባላል። ሕፃኑን በጉልበት መካከል ይዘው፣ አፉን ከፍተው፣ ለስንቱ ጉሮሮ እንደ ገባ በማይታወቅ ምላጭ ሥጋውን ቈርጠው ይጥሉለታል። ጉንፋን በገዛ ጊዜው የሚያልፍ ነውና ከቈረጣው በኋላ ሳሉ የተወው ልጅ ለቈራጩ ምስክር ይሆናል፤ ደሙ አልቆም ያለው፣ መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ልጅ ግን ምስክርነት ሊሰጥ አይመለስም። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በ561ኛው አንቀጹ እንጥል መቁረጥን፣ የወተት ጥርስ መንቀልን፣ ለሕፃን ቅቤ ማዋጥንና ፀሐይ መከልከልን ሳይቀር በስማቸው ይጠራቸዋል፤ አንቀጹን ያረቀቀው ሰው በአያቶቻችን ጓዳ ያደገ መሆን አለበት እላለሁ።

ተምሬአለሁ የሚለውም አባት ቢሆን ከዚህ ነቀፋ አያመልጥም። እርሱ ምላጩን ንቆ ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጥና «የሳል ሽሮፕ ስጡኝ» ይላል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2000 ዓ.ም. እነዚህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡ የሳልና የጉንፋን መድኃኒቶች ሁለት ዓመት ላልሞላው ሕፃን እንዳይሰጡ አሳስቧል። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በጋምቢያ ኩላሊታቸው ተጎድቶ የሞቱት የ66 ሕፃናት ሞት፣ ዳይኤቲሊን ግላይኮል ከተባለ መርዝ ጋር ከተቀላቀለ ሽሮፕ ጋር የተያያዘ ሳይሆን እንዳልቀረ ገልጾ ዓለምን አስጠነቀቀ። ጓዳችን ውስጥ ያለው ማር ግን ሊናቅ አይገባውም፤ በዚያው በ2000 ዓ.ም. በፔንሲልቬኒያ በ105 ልጆች ላይ ተደርጎ የታተመ ጥናት፣ ከመኝታ በፊት ማር የቀመሱት ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ ሳላቸው ረግቦ እንዳደሩ መስክሯል። አያቶቻችን እዚህ ላይ ረትተውናል፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ነርቭን የሚያሽመደምድ ደዌ ሊያመጣበት ስለሚችል ፈጽሞ አይሰጥም።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ «ብርድ ነው» በሚል ቃል የምጠላው ነገር ቢኖር፣ መልስ መስሎ ምርመራን ማስቀረቱ ነው። ቃሉ ከተነገረ በኋላ የሕፃኑን ሹራብ ገልጦ ደረቱን የሚያይ የለም፤ ሁለት ሳምንት ያለፈውን ሳል፣ እየተንሰቀሰቀ የሚያስመልሰውን ትክትክ፣ ትንፋሽ በሳበ ቁጥር ከጎድኑ በታች የሚሰረጉደውን የሳንባ ምች፣ አንዱ ጋቢ ሁሉንም ይሸፍናቸዋል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የተሰጠው ትምህርት ግን ከሰዓት በቀር ምንም መሣሪያ የማይሻ ነው፤ ሕፃኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት አንዲት ሙሉ ደቂቃ እስትንፋሱን መቁጠር፣ ሁለት ወር ላልሞላው 60፣ ከዚያ እስከ ዓመቱ 50፣ ከዓመት እስከ አምስት ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

በዚያች ሌሊት ምድጃውን «ሲጋራ ልለኩስበት» ብዬ ወደ በረንዳ አወጣሁትና እዚያው ተውሁት፤ ሲጋራ እንደማላጨስ እማማ የሚያውቁ አይመስለኝም። የመስኮቷንም ውታፍ ለእጅ ያህል ሳብ አደረግሁ። ሳሉ ወዲያው አልተወውም፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ሕፃኑ ሲያንቀላፋ ሁለት ሹራብ አወለቅንለትና፣ አያቲቱ አርባ አንድ ፍሬ ያላት መቁጠሪያቸውን ከአንገታቸው አውጥተው፣ እኔ ሰዓት ይዤ፣ እርሳቸው በየትንፋሹ አንዳንድ ፍሬ ያሳልፉ ጀመር። ደቂቃው ሲሞላ «በቃ» አልኋቸው። ጣታቸውን ባለበት አጽንተው የቀረውን በዐይናቸው ቈጠሩና «ሰባት ፍሬ ቀረኝ» አሉ፤ ከዚያም ያልታመኑ ይመስል «እስቲ ድገመኝ» ብለው መቁጠሪያዋን ከመጀመሪያው ያዟት።