የተከፈተ ዐይን ዳግም ሲደበዝዝ

በቆቦና በራያ ቆላ ባሉ ቤቶች፣ ሞራ የጋረደው የአባት ዐይን በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ዳዊቱን እንደ ገና ለመድገም ሲበቃ ደስታው ታላቅ ነው። በ1998 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው ጥናት፣ ከዕውራን እኩሌታው ገደማ ብርሃናቸውን ያጡት በሞራ ነበርና።

ነገር ግን ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ፊደሉ ጉም የለበሰ ሲመስላቸው፣ «ሞራው ተመለሰብኝ፤ ልጆቼን ዳግመኛ ወጪ አላስወጣም» ብለው ዝም የሚሉ አረጋውያን አሉ። ጉዳቱም ከዚህ ዝምታ ይመጣል።

የወጣ ሞራ አይመለስም። ሐኪሙ የደፈረሰውን የዐይን ሌንስ አውጥቶ ሰው ሠራሹን የሚተካው በቀድሞው ሌንስ ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። በከረጢቱ የቀሩ ረቂቃን ሕዋሳት ተባዝተው ወደ ኋለኛው ሽፋን ሲሳቡ ብርሃንን ይጋርዳሉ። ይህን ለመከላከል ሐኪሙ ከረጢቱን አጥርቶ ያጥባል፤ ጠርዙ ስል የሆነ ሌንስም ይመርጣል። እርከን አፈርን እንዲያግድ፣ ጠርዙ ሕዋሳቱን ያግዳል። በሕፃናት ድፍርሱ ስለሚፈጥን፣ ብዙ ጊዜ የኋላው ሽፋን በዚያው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ይከፈታል።

ጠብታም ሆነ የቅጠል ጭማቂ ይህን አይከላከልም፤ ጭማቂው እንዲያውም ዐይንን ይጎዳል። የቤተሰብ ድርሻ ቀጠሮን ማክበር፣ መደብዘዙ በታየ ጊዜም ወደ ዐይን ሐኪም መውሰድ ነው። ሽፋኑ ደፍርሶ ከተገኘ፣ የሌዘር ብርሃን ያለ ምላጭ በጥቂት ደቂቃ መስኮት ይከፍትበታል። መሣሪያው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ዐይኑ ድንገት ቢያም ወይም ቢቀላ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም።

እናንተ ልጆች ሆይ፣ አባታችሁ ዳዊታቸውን አጥፈው ሲያስቀምጡ ብታዩ ዝም ብላችሁ አትለፉ፤ ጠይቋቸው።