ጀፎረው ሲነካ

የቡታጅራ ልጆች፣ እናቶችና አባቶች፣

በእኛ አገር አጥሩን አንድ ክንድ ወደ ጀፎረው ገፋ ባደረገ ሰው ላይ ቀድሞ ያየው ይጮኻል። የጮኸውን «አንተን ምን አገባህ?» የሚለው የለም። ያ ሰፊ የሣር መንገድ ሠርጉም ለቅሶውም የሚውልበት፣ ከብቱ የሚነዳበት፣ ልጁ የሚቦርቅበት ነው። የጮኸው ሰው የራሱ ደጅ ባይነካም ያገባዋል።

በየካቲት 2015 የወልቂጤ ሰዎች ባዶ ጀሪካን ይዘው አደባባይ ወጡ። የጠየቁት የሚጠጣ ውሃ ነበር። የጸጥታ ኃይሎች ተኮሱባቸው፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ቢያንስ 3 ሰዎች መገደላቸውን አስታወቀ። እኛ እዚህ ከንፈራችንን መጠጥን። በማግስቱ ክዳኑ የጠፋውን ጀሪካን በፌስታል ወትፈን፣ ጋሪ ላይ ጭነን ወረፋ ገባን። ወረፋው ላይ ስለ ወልቂጤ ትንፍሽ ያለ አልነበረም። እኔም አላልኩም።

የሩቅም ጀፎረ አለ። በመስከረም 2006 የአካባቢ ተሟጋቹ ድርጅት የግሪንፒስ መርከብ ሰዎች በሰሜን ዋልታ ባሕር ላይ የሚካሄደውን የነዳጅ ቁፋሮ ሊቃወሙ ወደ ሩሲያው ኩባንያ ጋዝፕሮም የቁፋሮ መድረክ ቀረቡ። ሩሲያ መርከቧ ላይ የነበሩትን 30 ሰዎች አሰረች። መጀመሪያ የተከሰሱት በባሕር ላይ ውንብድና ነበር፤ ሁለት ወር ያህል ታስረው በዋስ ወጡ፣ ኋላም ምሕረት ተደረገላቸው። አብዛኞቹ የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። «እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ነዳጁ ሲቃጠል የሚዛባው ዝናብ ግን የማረቆን በርበሬ ገበሬ ባሕር አለህ ወይ ብሎ አይጠይቀውም።

ሕጉም ከጀፎረው ጋር አንድ ቃል ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብን፣ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ አካባቢን መብት አድርጓል፤ አንቀጽ 92 አካባቢን መንከባከብ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ ነው ይላል። የብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995 ደግሞ ማንም ሰው፣ የራሴ ጥቅም ተነካ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ አካባቢን በሚጎዳው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤት እንዲል፣ መልስ ካጣ ወይም መልሱ ካላረካውም ፍርድ ቤት እንዲከስ ይፈቅድለታል።

(ንጹሐን ነን እያልኩ አይደለም። ጓሯችንን ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ያደረግነው ማንም አስገድዶን አይደለም። ከጉራጌ ተራሮች ተነስቶ ደምበል ሐይቅ የሚገባው የመቂ ወንዝ ይዞት የሚወርደው አፈርም የእኛው ማሳ ነው።)

እኩዮቼ፣ ስለ ውሃና ስለ መሬት የተናገረ ሰው ሲታሰር «ፖለቲካ ነው» ብለን መንገድ አንቀይር። ሽማግሌዎች፣ ጋቢያችሁን ለብሳችሁ ጣቢያ ድረስ ሂዱ። ጠበቆች፣ ያለ ክፍያ ቁሙ። መምህራን፣ አንቀጽ 44ን ክፍል ውስጥ አንብቡ። ዕድራችን ለሞተ ድንኳን ይተክላል፤ ለታሰረ ስንቅ የሚያደርስ፣ ልጆቹን የሚጠይቅ ተረኛም ይመድብ።

በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ይህን አጀንዳ የሚያስይዝ አንድ ሰው ከየሰፈሩ ይነሳ። ከእኛ ሰፈር እኔ እነሳለሁ።